ፀሐይ ላይ መቆም ጾም አይደለም



ጓሳ ላይ ለሱሑር የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚዳብሰው ጋቢውን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ባለው በዚህ ደጋ ብርድን ከአባቶቻችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ከበግ ፀጉር የሚሠራው በርኖስና ባና፣ በጓሳ ሣር የሚከደነው ቤት፣ ሁሉም ለብርድ የተሰናዳ ነው። ሙቀትን ግን አናውቀውም። የሚያውቁት እንጀራ ፍለጋ የወጡት ልጆቻችን ናቸው፤ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረዱት፣ በአዋሽ ሸለቆ የሸንኮራ እርሻዎችና በመተማ የሰሊጥ ማሳዎች የሚውሉት፣ ባሕር ተሻግረው ሳዑዲና ኳታር የገቡት።

ከዓመታት በፊት በረመዳን ከጀመዓችን አንድ ወጣት ቆላ ወርዶ በግንባታ ሥራ ተቀጠረ። ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። የሰጡት የደንብ ልብስ ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ ቱታ ሲሆን ዚፑን እስከ አንገቱ እንዲዘጋ ታዟል። እኩለ ቀን ሳይሞላ ራሱን ስቶ ወደቀ። አብረውት ከእኛው አገር የሄዱት ሁለት ልጆች ውሃ ይዘው ቆሙ፤ «ጾሙን እናፈርስበት ይሆን?» ብለው ፈሩ። ቱታውን ከፍቶ ውሃውን ያፈሰሰበት ክርስቲያን የሥራ ባልደረባቸው ነበር። ልጁ አልሐምዱሊላህ ተረፈ። እኛ ግን ወሬው ሲደርሰን አፈርን። ያ ፍርሃት ከልጆቹ አልመጣም፤ ከእኛ ከአስተማሪዎቻቸው ጉድለት የመጣ ነው።

ስለዚህ በግልጽ እንናገር። በሰውነት ላይ ውሃ ማፍሰስ ጾምን አያፈርስም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጾመው ሳሉ ከጥም ወይም ከሙቀት የተነሳ በራሳቸው ላይ ውሃ ማፍሰሳቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ቡኻሪ ደግሞ አቡ ኢስራኢል የተባለ ሰው ታሪክ አቆይተውልናል። ይህ ሰው ሊጾም፣ ላይቀመጥ፣ ጥላ ላይገባና ላይናገር ተስሎ ፀሐይ ላይ ቆመ። ነቢዩም እንዲናገር፣ ጥላ እንዲገባ፣ እንዲቀመጥና ጾሙን እንዲሞላ አዘዙ። ከስለቱ የጸደቀለት ጾሙ ብቻ ነው። ፀሐዩ ዒባዳ አልነበረም።

ቁርኣን ስለ ልብስ የሚለውንም እናስተውል። በሱረቱ አን-ነሕል 5ኛው አንቀጽ ከእንስሳት ስለሚገኝ ሙቀት ተነግሯል። እኛ የበግ አርቢ ልጆች ይህን ጸጋ በቆዳችን እናውቀዋለን። በዚያው ሱራ 81ኛው አንቀጽ ግን ከሐሩር የሚጠብቅ ልብስ ከአላህ ጸጋዎች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ደጋ ላይ 5ኛውን አንቀጽ ለብሰን አደግን፤ ቆላ ለወረደ ልጃችን 81ኛው ያስፈልገዋል።

ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አየር የማያሳልፍ ጨርቅ ሲደረብበት ላቡ ይፈሳል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ጾመኛ ደግሞ የፈሰሰውን ውሃ እስከ ኢፍጣር አይተካም። ከጓሳ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ በአንድ ቀን መንገድ 12 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ሰውነት ይህን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ለዚህ ነው የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የሥራ ሰዓቱን አንድ አምስተኛ ብቻ በሙቀት ውስጥ እንዲሠራ፣ ከዚያም በየቀኑ አንድ አምስተኛ እንዲጨመርለት የሚመክሩት። የእኛ ልጅ በአራተኛ ቀኑ ሙሉ ቀን ይሠራ ነበር።

አሠሪዎች ሆይ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ የአደጋ መከላከያ ልብስ እንድታቀርቡና አጠቃቀሙን እንድታስረዱ ያዛችኋል። አቡ ዘር ባስተላለፉት ሐዲስም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእጃችን ሥር ያሉት ወንድሞቻችን እንደሆኑ፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸውና ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭንባቸው አስተምረዋል። በቢሮ ውስጥ ስስ ሸሚዝ የለበሰ ኃላፊ ፀሐይ ላይ ላለው ሰው ወፍራም ቱታ ሲያዝ ይህን ያስብ። ብየዳ የሚሠራ ሰው ወፍራም ልብስ የግድ እንደሚያስፈልገው እናውቃለን። እንዲህ ላለው ሥራ መፍትሔው ሰዓቱን ወደ ማለዳ ማምጣትና ዕረፍቱን ማብዛት ነው። ለሌላው ግን ሰፋ ያለ፣ ነጣ ያለ የጥጥ ልብስና ሰፊ ጠርዝ ያለው ኮፍያ ይበቃል። ለእህቶቻችንም ከደንብ ልብሱ ጋር የሚሄድ ስስ የጥጥ ሒጃብ ይፈቀድላቸው።

ሰዓት መቀየር ለሥራ ክብር መንሳት አይደለም። ሐሩር ሲበረታ የዙሁርን ሶላት እንኳ እስኪበርድ ማዘግየት በሐዲስ ታዟል። ሶላት የሚዘገይለት ሙቀት ለሲሚንቶ ቡኮ አይዘገይለትም? ሳዑዲ ዓረቢያ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ሥር ማሠራትን ትከለክላለች። ኳታርም በ2013 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 5 ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በፀሐይ ላይ የሚሠራ ሥራ እንዲቆም አዛለች። እዚያ ያላችሁ ልጆቻችን ይህን መብታችሁን እወቁ። በአገራችን ቆላዎች ያለ አሠሪም የቀትር ዕረፍት ለመስጠት የማንንም ትእዛዝ መጠበቅ የለበትም።

ሠራተኛ ወንድሞቻችን፣ ጾም ያለባችሁ ከሆነ በሌሊት ነይቱ፣ ሱሑርን አትተዉ፣ ውሃ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ደጋግማችሁ ጠጡ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሥራ አቁማችሁ ጥላ ግቡ። ብዙ ዑለማዎች እንዳብራሩት፣ ከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ጾሞ ይጀምራል፤ በነፍሱ ወይም በጤናው ላይ ጉዳት ከፈራ ይፈታል፣ በኋላም ቀዷ ያወጣል። ይህ ድክመት አይደለም፤ አላህ የሰጠው ፈቃድ ነው። ጓደኛችሁ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ልብሱን አላሉለት፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፣ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ።

የመጨረሻው ቃላችን ለወላጆች ነው። በረመዳን ለልጆቻችን ስንደውል የምንጠይቀው «እየጾምክ ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። ልጁም እንዳያሳፍረን ብሎ የሚሰማውን ሕመም ይደብቃል። ዛሬ ማታ ከኢፍጣር በኋላ ስንደውል ሁለት ጥያቄ እንጨምር፦ «በስንት ሰዓት ነው የምትሠራው? ምን ያስለብሱሃል?» ከዚያም «ካቃተህ ፍታ፣ ቀዷህን እዚህ አብረን እንጾማለን» እንበለው። ይህን ከአባቱና ከእናቱ አፍ የሰማ ልጅ ጥላ ለመግባት አያፍርም።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ በሩቅ ያሉትን ልጆቻችንን በሰላም ለዒድ ያድርስልን። አሚን።