ባቄላን በኩንታል ብቻ አንመዝን

«ጥራጥሬ አፈር ያለማል» የሚለውን ትምህርት ሁላችንም ሸምድደን አልፈናል። እንዴት እንደሚያለማ፣ መቼስ እንደማያለማ ብንጠየቅ ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን? ነገ ገጠር ተመድበን የገበሬ ልጆች ፊት ስንቆም ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም።

እንደሚታወቀው ከአየሩ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ሆኖም ጤፍም ሆነ ስንዴ በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ግን በሥራቸው ላይ በሚያወጡት እባጭ ውስጥ ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎችን ያስጠጋሉ። ተክሉ ይመግባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ በሚስማማ መልክ ይለውጡለታል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዩሪያ ለመሥራት ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ይፈጃል፤ እኛም ዘንድ የሚደርሰው ባሕር አቋርጦ፣ በጅቡቲ በኩል ነው። ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላም ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል። ይህ ጋዝ፣ ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል አብልጦ ምድርን ያሞቃል። ጥራጥሬ የተዘራበት ማሳ ግን ዩሪያ የሚፈልገው ጥቂት ነው። ከዚህም ሌላ በስንዴ ላይ ስንዴ ሲደጋገም የሚበረታውን በሽታ ያቋርጣል።

ታዲያ ጥቅሙ ሁልጊዜ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ጀሞም ኮንዶሚኒየሙ ሳይቆም በፊት የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ ማሳ ለማየት በጅማ መንገድ እስከ በቾ ሜዳ መዝለቅ ያሻል። እዚያ መረሬው ላይ ጤፍና ሽምብራ ይፈራረቃሉ። ሽምብራው ሲደርስ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ፍሬው ወደ ገበያ፣ ገለባው ወደ ከብት ይሄዳል። አብዛኛው ናይትሮጅን ያለው ደግሞ በፍሬውና በገለባው ውስጥ ነው። እበቱ ተመልሶ ማሳ ላይ ቢበተን ደግ ነበር፤ ኩበት ሆኖ ከነደደ ግን ለአፈሩ ምን ተረፈው?

እንግዲህ የጥራጥሬን ጥቅም ስንገምት ስንት ኩንታል ተገኘ ብቻ ሳይሆን፣ ወደ አፈሩ ምን ተመለሰ ብለንም እንጠይቅ። ገበሬው ጤፍን የሚያስቀድመው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ዋጋ ስላለው ነው። የገበያው ሚዛን የአፈሩን ትርፍ አይመዝንለትም። ይህን የሚያሳየው ሰው ያስፈልጋል። ከአስተማሪ የበለጠ ማን አለ?

ስለዚህ ዕጩ መምህራን ሆይ፣ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ጥግ ላይ ጥቂት ባቄላ እንዝራ። ሲያብብ አንዱን ቀስ ብለን እንንቀልና እባጩን በምላጭ እንሰንጥቀው። ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም። ልጆቹም ያዩትን ቤታቸው ሄደው ለአባታቸው ይነግራሉ። ይህ ከመቶ ጊዜ ሽምደዳ ይበልጣል።

ከአንድ ዕጩ መምህር