«ክላሲካል ነው፤ ባለቤት የለውም»

ባለፈው በጋ ለቤተ ዘመድ ጉዳይ ሻኪሶ ሰንብቼ ነበር። ሻኪሶ እንደሚታወቀው የወርቅ አገር ናት። የለገደንቢ ማዕድን በቅርብ ርቀት ይገኛል፤ ከዚያም ሌላ በባህላዊ መንገድ አፈር እያጠበ የሚያድረው ሰው ብዙ ነው። በዚህች ከተማ አንዲት ፍንጣሪ ወርቅ ያለ ሚዛን ከእጅ ወደ እጅ አትተላለፍም። ሻጩም ገዢውም ዓይናቸውን ከሚዛኑ ላይ አይነቅሉም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ልጠጣ ተቀምጬ ሳለሁ ከጎን ካለች ጠባብ ሱቅ የሚወጣ ሙዚቃ ጆሮዬን ያዘው። ሱቋ ስልክ የሚጠገንባትና በፍላሽ ዘፈን የሚጫንባት ናት። የሚሰማው ግን የሰሞኑ ዘፈን አልነበረም። ኦርጋን ነው፤ ከሥሩ የማይታክት ቤዝ ጊታር፣ ከላዩ ሳክስፎን። «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ቡናዬን ትቼ ተነሳሁ።

«ይህን ሙዚቃ ታውቀዋለህ?» አልኩት ወጣቱን።

«ክላሲካል ነው ጋሼ። ሾፌሮች ይወዱታል፤ ሌሊት እንቅልፍ አያስይዝም።»

«የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ክላሲካል ነው፤ ባለቤት የለውም። ልጫንልዎት?»

ይህን የምጽፈው ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም። የወጣቱ መልስ የሁላችንም መልስ ስለሆነ ነው። እኛ አገር ድምፃዊ የሌለበትን ሙዚቃ በሙሉ «ክላሲካል» እንለዋለን። ዘፈን የሚታወቀው በዘፋኙ ነው፤ ዘፋኝ ከሌለ የምንጠራው ስም የለንም። በልጅነታችን እንዲህ ዓይነቱን ሙዚቃ የሰማነው ከዜና በፊት፣ ከማስታወቂያ በኋላ፣ ፕሮግራም ሲቋረጥ የአየር ሰዓት መሙያ ሆኖ ነው። ማን ተጫወተው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ስም የሌለው ነገር ውሎ አድሮ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ከዚያም ማንም የሚወስደው ይሆናል።

ባለቤትማ አለው

«ሙዚቃዊ ስልት»ን የደረሰው ግርማ በየነ ነው። ሙዚቃው የሚገኘው ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት «ቼ በለው» በተሰኘ አልበም ውስጥ ነው። ኃይሉ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር የዚያ ባንድ ሰዎች ነበሩ። ዋልያስ የአዲስ አበባ ሒልተን ባንድ ሆኖ ለዓመታት ሠርቷል። ዘመኑ የቀይ ሽብርና የሶማሊያ ወረራ ዘመን ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ለመዝናናት የገባ ሰው መውጫ አጥቶ እዚያው ሲጨፍር ያነጋል፤ ሙዚቀኛውም አብሮ ያነጋል። ውጭ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል። ውስጥ ግን ኦርጋኑ ይቀጥላል።

አልበሙን የሚወዱ ሰዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ። ዛሬም ሲሰማ የተጣደፈ ነገር አይገኝበትም። ኃይሉ ጣቶቹን ለማሳየት አይጫወትም፤ ዜማውን እንደ ዘፋኝ እየተነፈሰ ይለዋል። «ቼ በለው» ፈረስ ማስጋለቢያ ጥሪ ነው፤ አልበሙ ግን አይጋልብም፣ እየረገጠ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ወጣቱ የሚያደምጠው የአሜሪካ ሶልና ፋንክ ውስጡ አለ፤ ሆኖም ቅኝቱ የእኛው ስለሆነ ጆሮ እንግዳ አያደርገውም። ግጥም ስለሌለውም ሳንሱር የሚፈራው ቃል አልነበረበትም። እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ግጥም ይሞላበታል። የሻኪሶ ሾፌር ሌሊት መሪ ይዞ የሚሞላበትና እኔ በተማሪነቴ የሞላሁበት አንድ ሊሆን አይችልም።

«ፈረንጅ አገኘልን»

የአልበሙ ቀጣይ ታሪክ በሰፊው ተነግሯል። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሄደ። ኃይሉን ጨምሮ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ከጊዜ በኋላ መድረክ ትቶ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ በዳላስ አየር ማረፊያ ተራ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ በትንሽ ኪቦርድ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በዚህ መካከል ሙዚቃው ያለ እሱ ዓለምን ይዞር ነበር። በብሩክሊን የተቀዳው የዘ ዳክታሪስ አልበም እ.ኤ.አ. በ1998 «ሙዚቃዊ ስልት»ን ይዞ ወጣ። «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ እትምም አካተተው። የመጀመሪያው ሸክላ ሰብሳቢዎች በሺህ በሚቆጠር ዶላር የሚገዙት ዕቃ ሆነ። በመጨረሻ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ካሴት ሲያስስ የኃይሉን «ሸሞንሟናዬ» አገኘ። ባለቤቱን ፈልጎ በስልክ አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ያንን፣ በ2014 ደግሞ «ቼ በለው»ን በድጋሚ አሳተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ።

በዚህ ታሪክ ላይ ወዳጆቼ ሁለት ጎራ ይዘው ይከራከራሉ። አንዱ ወገን «ፈረንጅ ባይኖር ኖሮ ሙዚቃችን በጠፋ ነበር» ይላል። ሌላው «ፈረንጅ ምን አገኘ? እኛ መቼ ረስተነው!» ብሎ ይቆጣል። ሁለተኛው ወገን በአንድ በኩል እውነት አለው፤ ሻኪሶ ላይ ሙዚቃው አልተረሳም። ነገር ግን ማስታወስና ማክበር የተለያዩ ናቸው። ያ አሳታሚ ከትርፉ ግማሹን ለሙዚቀኛው እንደሚከፍል በይፋ ይናገራል። አገር ቤት ያለነው ወዳጆቹስ ምን ከፈልን? የራሴን ልናገር። አልበሙን ከ30 ዓመት በላይ ስወደው በካሴት የተቀዳ፣ ከዚያም በሲዲ የተቀዳ፣ ከዚያም ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈ ቅጂ እንጂ አንድም ቀን ዋጋ ከፍዬበት አላውቅም ነበር። ሕግ ያጠናሁ ሰው ነኝ። ስለ ባለቤትነት ስከራከር ውዬ ማታ የሰው ንብረት እያዳመጥኩ እተኛ ነበር ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አልበሙ በወጣበት ጊዜ ጉዳዩ የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። ሕጉ ከቁጥር 1647 ጀምሮ የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ሥራ ደራሲን መብት ይደነግጋል። ግርማ በየነን የመሰለ የዜማ ደራሲ በሕጉ ቦታ ነበረው። ኦርጋኑን የተጫወተው፣ ሳክስፎኑን የነፋው ሙዚቀኛ ግን በተጫዋችነቱ ብቻ የሚጠይቀው ራሱን የቻለ መብት አልነበረም። ይህ መብት የመጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተሰባስበው ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ በር ከፈተ።

እዚህ ላይ ነው ሰዓቱ የሚቆጥረው። በአዋጁ የዜማ ደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የተጫዋቾቹና የድምፅ ሪከርዲንጉ አሳታሚ መብት ግን 50 ዓመት ብቻ ነው። ከአዋጁ በፊት ለተቀዱ ሥራዎች ጥበቃው እስከምን ይደርሳል በሚለው ላይ ክርክር ሊነሳ ይችላል። ለሙዚቀኞቹ እጅግ የሚያደላውን ትርጉም ብንወስድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማሕሙድ አሕመድና የአይቤክስ ባንድ «እሬ መላ መላ» 50 ዓመቱን ሞልቷል። የ«ቼ በለው»ም እ.ኤ.አ. በ2027 ይሞላል። ያ ትውልድ ተዛማጅ መብት የሚባለውን ነገር አንድ ቀን እንኳ በወጉ ሳይቀምሰው መብቱ በዕድሜ ብዛት ሊወድቅ ነው። የሻኪሶው ወጣት «ባለቤት የለውም» ያለው ያን ጊዜ ቢያንስ በከፊል የሕግ እውነት ይሆናል።

ሌላው ዓለም ይህ ሰዓት ሲደርስበት ምን አደረገ? የ1960ዎቹ የብሪታንያ ኮከቦች ቅጂዎች 50 ዓመት ሊሞላቸው ሲል ሙዚቀኞቹ ተነስተው ጮኹ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ጥበቃውን ከ50 ወደ 70 ዓመት አሳደገው። የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» እ.ኤ.አ. በ1973 ወጥቶ በ2023 ሃምሳኛ ዓመቱ በአዲስ እትም ተከበረ። በቀጣዩ ዓመት ባንዱ የቅጂዎቹን መብት ለሶኒ በ400 ሚሊዮን ዶላር ግድም መሸጡ ተዘግቧል። «ቼ በለው»ን ከዚያ ገበያ ጋር ላወዳድር አልፈልግም። ልዩነቱ ግን የገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም። እዚያ የሮክ አፍቃሪው አልበሙን ሲወድ የመክፈያው መንገድ ተዘርግቶለታል። እዚህ ፍቅሩ አለ፣ መንገዱ የለም።

ስለዚህ እኛም 50ውን 70 እናድርገው? ቢደረግ አልጠላም። ነገር ግን ብቻውን ዋጋ የለውም። ለ50 ዓመት ያልተሰበሰበ ገንዘብ 20 ዓመት ስለተጨመረለት ኪስ አይገባም።

ወርቅና ዜማ

ሮያሊቲ የሚለውን ቃል ሻኪሶ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። የማዕድን ሕጉ ወርቅ አውጪው ስንት በመቶ ሮያሊቲ እንደሚከፍል ቆርጦ አስቀምጧል። በ2010 ዓ.ም. የአካባቢው ሕዝብ ስለ ጤናውና ከማዕድኑ ስለሚያገኘው ጥቅም ጥያቄ አንስቶ አደባባይ ሲወጣ፣ መንግሥት የለገደንቢን የምርት ፈቃድ እስከማገድ ደርሶ ነበር። የወርቅ ሮያሊቲ ለማን ይድረስ የሚለው ጥያቄ ሰው የሚሟገትለት ጥያቄ ነው። የዜማው ሮያሊቲ ግን ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ እንደ ልመና ይቆጠራል። «አርቲስቶቻችንን እንርዳ» እንላለን። አንጋፋ ሙዚቀኛ ሲታመም ገንዘብ እናዋጣለን፤ ሲሞት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃውን እናሰማለን። የሚገባውን ያልከፈሉት ሰው እርዳታ ሲሰጡት እርዳታው ዕዳን አይሰርዝም።

በሌላ በኩል የሚነሳውን ክርክር አልክድም። ያቺ የሻኪሶ ሱቅና መሰሎቿ ባይኖሩ ሙዚቃው ከሸክላው ጋር ተቀብሮ ይቀር ነበር። ቀጂው አጥፊም አዳኝም ነው። በእኔ እምነት ፖሊስ ወደ እሱ መላክ ከንቱ ነው። መጀመር ያለበት ከላይ ነው። ለሻይ ሰዓት ይህን ሙዚቃ የሚከፍት ሆቴል፣ ፕሮግራሙን የሚያጅብበት ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ማስታወቂያ የሚሠራበት ድርጅት ገቢ አላቸው፣ ደረሰኝ አላቸው፣ አድራሻ አላቸው። እነሱ በወጉ ከከፈሉ ዘፈን ጫኚው በዓመት አንዴ መጠነኛ የፈቃድ ክፍያ ከፍሎ በሕጋዊ መንገድ የሚሠራበትን ሥርዓት ማበጀት አይከብድም።

ሁለተኛው ነገር መዝገብ ነው። በዚያ ዘመን በየትኛው ቅጂ ላይ ማን ምን እንደተጫወተ የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ከእነሱ ጋር የሚሄደው ትዝታ ብቻ አይደለም፤ የባለመብትነት ማስረጃም ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ «ይህን ቤዝ የመታሁት እኔ ነኝ» ለማለት ምስክር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ምንም ወጪ የለውም። ስም መጥራት ነው። ደራሲው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብት በሕጉ ተሰጥቶታል። የሬዲዮ አቅራቢው «በጣዕመ ዜማ ቆይታችሁ ተመለስን» ከማለት ይልቅ «የሰማችሁት የግርማ በየነ ድርሰት ነው፤ የተጫወተው ዋልያስ ባንድ ነው» ቢል ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?

ወደ ሻኪሶ ልመለስና ላብቃ። ለወጣቱ የማንነቱን ነገርኩት። የባንዱን ስም፣ የአልበሙን ስም፣ የደራሲውን ስም በወረቀት ጻፍኩለት። በጥሞና አዳመጠኝ። ኮምፒውተሩ ላይ «ክላሲካል» የሚለውን ፎልደር ከፍቶ ስሙን አስተካከለው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ጠየቀኝ።

«እሺ ጋሼ፣ ባለቤት አለው እንበል። እኔ ልክፈል ብል እዚህ ሻኪሶ ለማን ነው የምከፍለው?»

ሠላሳ ዓመት በሕግ ሙያ ላይ ቆይቻለሁ። አንቀጹን ልጠቅስለት እችል ነበር። እሱ የጠየቀኝ ግን አንቀጽ አልነበረም፤ የምትቀርበውን መስኮት ነበር። እሷን ላሳየው አልቻልኩም። ከመንገዱ ማዶ ወርቅ ገዢው ሚዛኑን እያስተካከለ ነበር።