ፎርማት ከማድረጋችን በፊት

እናንተዬ፣ አዲስ ላፕቶፕ ገዝተን በአምስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደረግነው።

ሦስት ነን። ጋዜጠኝነት አብረን ተምረን፣ አብረን ተመርቀን፣ ቃሊቲ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር። ዕቁብ ሲደርሰን የገዛነው የመጀመሪያው የጋራ ንብረታችን ይኸው ላፕቶፕ ነው (ሁለተኛው ቡታጋዙ ነው፤ እሱ እስካሁን አልከዳንም)። ሻጩ ደግ ሰው መስሎን ነበር። ካርቶኑ ላይ ራሙ 8 ጊጋ ይላል፤ እሱ ግን «እህቶቼ፣ 16 አድርጌላችኋለሁ» ብሎ መረቀልን። አመስግነን ወጣን።

በአምስተኛው ቀን የቃለ መጠይቅ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ስንገለብጥ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነ። ያዘነ ፊት፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ከዚያ ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ማታ ደገመው። በማግስቱ ሦስት ጊዜ።

ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አከራያችን «መብራቱ ነው» አሉ። ጓደኛችን «ቫይረስ ነው» አለ። ጥገና ቤት ስንወስደው ልጁ ስክሪኑን እንኳ ሳያይ «ፎርማት ይደረጋል» አለን። «ፋይላችን ዲ ላይ ነው» ስንለው «ዲ አይነካም» አለ። ተነካ። ከአቃቂ የፋብሪካ ጡረተኞች ጋር ያደረግነው የአራት ሰዓት ቃለ መጠይቅ አብሮ ሄደ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥነውም ነበር፤ ያ ጥፋት የእኛ ነው።

ላፕቶፑ ግን ከፎርማቱ በኋላም በሦስተኛው ቀን ሰማያዊ ሆነ። ሌላ ጥገና ቤት፣ ሌላ ፎርማት። እንደገና ሰማያዊ። ሦስተኛ ፎርማት።

ለመሆኑ ያ ሰማያዊ ገጽ ምንድን ነው? ዊንዶውስ ከውስጠኛው ክፍሉ፣ ከርነል ከሚባለው፣ ሊያርመው የማይችለው ስህተት ሲገጥመው ፋይል እንዳያበላሽ ብሎ ራሱ ሆን ብሎ ይቆማል። ሲቆም ምክንያቱን በአጭር የስህተት ስም ይጽፋል፤ ዝርዝሩን ደግሞ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሚኒደምፕ» በሚባል ቦታ ያስቀምጣል። በሌላ አነጋገር ማሽኑ ቃሉን ይሰጣል። እኛ ደግሞ፣ ጋዜጠኞች ነን የምንለው፣ ምስክሩን ሳንሰማ ሦስት ጊዜ ቃሉን አስፋቅነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የእኛው ላፕቶፕ አልደበቀም ነበር።

ዓይናችንን የከፈቱልን በፋብሪካ ጥገና ክፍል ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ አባት ናቸው። የጠፋውን ቃለ መጠይቅ እንዲደግሙልን ልንለምናቸው ሄደን የሆነውን ነገርናቸው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ግን ማሽን ሲቆም እሳቸው መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት የሚጠይቁት ሦስት ነገር እንደነበር አጫወቱን፦ መቼ ቆመ? ሊቆም ሲል ምን ነበር የሚሠራው? መጨረሻ የነካው ማን ነው? እኛ አንዱንም አልጠየቅንም ነበር።

ቤት ገብተን ደብተር ከፈትን። በአንድ ሳምንት ሰባት ጊዜ ቆመ። በየጊዜው ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አነሣነው። መብራቱን መጀመሪያ ነፃ አወጣነው። እርግጥ ነው፣ አባ ሳሙኤልን የመሰለ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫ በአቃቂ ወንዝ ላይ ተቀምጦልን መብራት ይሄድብናል። ነገር ግን ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ቻርጀሩም ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚችል ጀርባው ላይ ተጽፏል። ከሰባቱ አራቱ በባትሪ ስንሠራ የደረሱ ናቸው። ቫይረሱም ነፃ ወጣ፤ ከሦስተኛው ፎርማት በኋላ ከዊንዶውስ ሌላ ምንም ሳንጭንበት ቆሟልና።

ቀጥሎ የስህተቱን ስም አየን። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስም ወይም የአንድ ድራይቨር ስም ቢመላለስ ጥርጣሬው ወደዚያ ድራይቨር ይሄዳል። የእኛው ግን አንዴ «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ አንዴ «ፔጅ ፎልት»፣ አንዴ ሌላ ነበር። እንዲህ ሲቀያየር ራሙ ቀድሞ ይጠረጠራል። ሜምቴስት86 የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭነን ማታ አስጀምረን ተኛን። ጠዋት ስክሪኑ በቀይ ስህተት ተሞልቷል። ከሁለቱ ራሞች አንዱን አውጥተን ደገምነው፤ ንጹሕ። ቀይረን ሌላውን ብቻ አስገባን፤ ስህተት። ጥፋተኛው ያ ደግ ሻጭ የመረቀልን ራም ነው! አወጣነው። ይኸው ሁለት ወር ሆነው፣ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አሥራ አምስት ቀን! እኛ በአምስተኛው ቀን ነው ችግሩን ያየነው። አሥር ቀን በእጃችን ነበር። በአሥሩም ቀን ፎርማት እናስደርግ ነበር። በመጨረሻ ማስረጃ ይዘን ሱቁ ስንሄድ ሻጩ ግድግዳው ላይ ወዳለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ወደሚለው ወረቀት በጣቱ አመለከተን። ደረሰኝ? ያለ ደረሰኝ ሲሆን ዋጋው ይቀንሳል ስንባል ደስ ብሎን የተስማማን እኛው ነን። ርካሹ ዋጋ መብታችንን ጭምር ቀንሶ ኖሯል።

ስለዚህ ፎርማት ጊዜ የሚፈጅ መፍትሔ ብቻ ሳይሆን ጥፋተኛውን የሚያስመልጥ መፍትሔ ነው እንላለን። ማስረጃውን ያጠፋል፣ ቀኑን ይበላል፣ ለሁለት ሦስት ቀንም «ተስተካከለ» የሚል ተስፋ ይሰጣል።

ዓለምን ያንቀጠቀጠውን ሰማያዊ ስክሪን አስታውሱ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ በላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ምክንያት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ቆሙ። አውሮፕላኖች ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ያን ሁሉ ማሽን ፎርማት አድርጉት አልተባለም። ጥፋተኛው ፋይል ተለየ፣ እሱ እንዲሰረዝ ተነገረ። ኩባንያው በሳምንታት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ አወጣ፦ ፕሮግራሙ 21 ግብዓት ሲጠብቅ የቀረበለት 20 ብቻ ነበር። ጥፋቱ ትልቅ ነው፤ ግን ስም ተሰጠው። ስም የተሰጠው ጥፋት እንዳይደገም መከላከል ይቻላል።

እኛ አገር ግን ፎርማት ከኮምፒውተርም አልፏል። አዲስ ኃላፊ ወደ መሥሪያ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው የቀድሞውን ዕቅድ መጣል ነው። የቀድሞው ለምን እንዳልሠራ የሚጽፍ የለም። መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ስንባል «ለምን የለም?» ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ነገ ተመለሱ እንባላለን፣ ነገ እንመለሳለን። ያም ቢሆን ፎርማት ነው፤ የእኛው ቀን ነው የሚጠፋው።

ለአንባቢያችን የምንለው ይህን ነው። አዲስ ዕቃ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ «ጨምሬላችኋለሁ» ሲባል የተጨመረው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ሰማያዊውን ካያችሁ (በ2017 መጨረሻ አካባቢ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 11 ላይ ወደ ጥቁር ስለለወጠው ጥቁር ሊሆንም ይችላል) መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከዚያ ጠይቁ። ፎርማት የመጨረሻው ይሁን።

እኚያ አባት ቃለ መጠይቁን ደገሙልን። ግን በመጀመሪያው ቀን እየሳቁ የነገሩን ስለ ሟች ባለቤታቸው ነበር፤ በሁለተኛው «ያንንማ አንዴ ተናግሬዋለሁ» ብለው አለፉት። እኛም አልገፋናቸውም።