የሥራ ቦታ ዓምድ፦ ፋይሉን የቆለፈው ማን ነው?



ከኡልፓን ወጥተው በቢሮ ወይም በመጋዘን ሥራ የጀመሩ ወገኖቻችንን ከሚያስጨንቁ ነገሮች አንዱን ዛሬ እናነሣለን። የወሩ መጨረሻ ደርሶ የሥራ ሰዓታችንን በጋራው ሠንጠረዥ ለመመዝገብ ስንሞክር፣ ኤክሴል የተባለው ፕሮግራም «ናዑል» ይለናል፤ ተቆልፏል ማለት ነው። አብሮም የአንድ ሰው ስም ያሳያል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በሰዓቱ ካልተመዘገበ መዘዙ ደመወዝ ላይ ይደርሳል።

ፋይሉ የተቀመጠው በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ሁሉም በሚገናኝበት ሰርቨር ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ ሊጽፍበት ሲከፍተው ሌላው እላዩ ላይ እንዳይጽፍ ፕሮግራሙ ይይዝለታል። ለእናንተ የሚቀርበው ምርጫ «ሊቅሪኣ ቢልቫድ»፣ ማለትም ለንባብ ብቻ የሚለው ነው። ብዙ አዲስ ሠራተኞች ሰው ላለማስቸገር ብለው ይህን ይመርጡና ሰዓታቸውን ይሞላሉ። ነገር ግን የጻፉት በዋናው ፋይል ላይ አይቀመጥም፤ በሌላ ስም ቅጂ ይሆናል፤ ደመወዝ የምትሠራዋ ጸሐፊ ደግሞ ቅጂውን አታየውም። በእኛ አስተያየት ከመቆለፉ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነው። በዚያው መልእክት ላይ «ሲለቀቅ አሳውቀኝ» የሚል ምርጫ ስላለ እርሱን መጫን ይሻላል።

የሚታየውን ስም በጥንቃቄ ተመልከቱት። ስሙ ፕሮግራሙ ላይ የተመዘገበው እንጂ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ስም ላይሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ቀድሞ የሌላ ሠራተኛ ከነበረ፣ ሥራውን ከለቀቀ የቆየ ሰው ስም ሊወጣ ይችላል። እንዲሁም እናንተ በተዋችሁት ኮምፒውተር ሌላ ሰው ቢሠራ የእናንተ ስም ይታያል። ስለዚህ ስማችሁ ወጣ ተብሎ ብቻ ወቀሳ ቢመጣባችሁ ዝም አትበሉ። «ቆቬጽ»፣ «ኤፍሻሩዮት»፣ «ክላሊ» ብላችሁ ብትገቡ የተመዘገበውን ስም ታያላችሁ፤ ማረምም ይቻላል።

ቀላሉ መንገድ ግን መጠየቅ ነው። «ሚ በቶሕ ሃቆቬጽ?» ብሎ በክፍሉ ውስጥ ድምፅ ማሰማት በእኛ አገር ልማድ ለታላቅ ሰው ድፍረት ይመስል ይሆናል፤ እዚህ ግን የዕለት ተዕለት የቢሮ ንግግር ነው፤ የሚቀየም የለም።

መልስ ከጠፋ፣ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ስታደርጉ ከሠንጠረዡ አጠገብ በሞገድና በዶላር ምልክት የሚጀምር ትንሽ ፋይል ታገኛላችሁ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ሊነበብ ይችላል። ይህ ትንሽ ፋይል ሥራው ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ድንገት ከጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ከተበላሸ ግን ሊቀር ስለሚችል፣ ማንም ሳይኖር «ተቆልፏል» የሚለው መልእክት ሊቀጥል ይችላል።

ከሁሉ የሚታመነው ማስረጃ ያለው በሰርቨሩ ላይ ነው። የኮምፒውተር ኃላፊው «ኒሁል ማሕሼቭ» በሚባለው መስኮት፣ በጋራ ማኅደሮች ሥር ያሉትን ክፍት ፋይሎች ሲመለከት እያንዳንዱን ፋይል በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደተከፈተ ያገኛል። ይህ ስም ሠራተኛው ወደ መረቡ የገባበት ስለሆነ ከኤክሴሉ ስም ይልቅ ይታመናል። ከዚያው ሆኖ ፋይሉን በግድ መዝጋትም ይችላል፤ ይሁን እንጂ ያኛው ሰው ያላስቀመጠው ሥራ ሊጠፋበት ስለሚችል አስቀድሞ ስልክ ቢደወልለት መልካም ነው።

ፋይሉ እስኪለቀቅ ድረስ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ከቀኑ ጋር በደብተር ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ሕግ የሰዓት መዝገብ የመያዝን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው፤ ፋይሉ ተቆልፎ ስለነበር ሰዓታችሁ አልተመዘገበም ቢሏችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ቅረቡ።