እህልን በመልኩ ብቻ ስለ መለየት

ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዕፅዋትን በ24 ክፍል መደበ። ዋናው መለያም በአበባው ውስጥ የአበባ ዱቄት የሚሸከሙት ክሮች ቍጥርና አኳኋን ነበረ። መቍጠር የሚችል ሁሉ ሊከተለው ቻለ፤ ይህም የሚናቅ ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ስንዴና ገብስ ሦስት ሦስት ክር ስላላቸው በሦስተኛው ክፍል ሲገቡ፣ ሩዝ ስድስት አለውና በስድስተኛው ገባ፤ በቆሎ ደግሞ ወንዴና ሴቴ አበባው በአንድ አገዳ ላይ ተለያይቶ ስለሚወጣ ወደ 21ኛው ተጣለ። አራቱም የሣር ወገን ናቸው፤ ይህንንም ቅጠላቸውንና አገዳቸውን ያየ አራሽ ይመሰክራል። ሊኔየስ ራሱም ምደባው ለፍለጋ የሚመች እንጂ የተፈጥሮን ዝምድና የሚገልጥ አለመሆኑን ያውቅ ነበር። በ1789 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዡሲዩ ብዙ ምልክቶችን በአንድነት እየመዘነ ወገኖችን አደራጀ።

ይህን ማንሣቴ እኛም በዘር መዝገብ ላይ «ነጭ ስንዴ»፣ «ቀይ ስንዴ» ብለን ማለፍ ስለምንወድ ነው። ነጭ በተባለው ውስጥ ለፓስታ የሚስማማው ዱረምና ለዳቦ የሚሆነው ስንዴ፣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች፣ ተቀላቅለው ሊገኙ ይችላሉ። ዋግን የመቋቋም ኃይሉም ሆነ የሚደርስበት ጊዜ በፍሬው ቀለም አይታወቅም። ገበሬው ለዘሩ ያወጣውን ስም፣ አፈሩንና የደረሰበትን ወራት ትቶ ቀለሙን ብቻ የጻፈ ሹም፣ ለወፍጮ ቤቱም ለአራሹም የሚረባ ነገር አልጻፈም። ዛላው ጥቅጥቅ ይሁን የላላ፣ ጺሙ ይርዘም ይጠር መመልከት ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ የመዝገቡ ዓምድ ከጠበበም ዓምዱ ይስፋ።