ጀማሪን የሚያጸናው ሰሚ ነው

ተማሪዎች ሆይ፤ በቤታችሁ አንድ ሕፃን የሙዚቃ መሣሪያ መለማመድ ሲጀምር የመጀመሪያው አድማጭ ማን እንደሚሆን አስባችሁ ታውቃላችሁን? አባትና እናት በእርሻ፣ በገበያና በማጀት ሥራ ተጠምደው ይውላሉ። የሚያስተምረው ሰው ቢኖርም እንኳ የሚገኘው ከቤት ውጭ ነው። ስለዚህ ያ የተቆራረጠና ለጆሮ የማይመች ድምፅ አስቀድሞ የሚደርሰው ለእናንተ፣ ለታላቅ ወንድሞቹና ለታላቅ እኅቶቹ ነው። በእኔ አስተያየት ሕፃኑ መሣሪያውን ይዞ እንዲዘልቅ ወይም ጥሎ እንዲቀር ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋነኛው የዚህ የመጀመሪያ አድማጭ ጠባይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

የሙዚቃ መሣሪያ ሲባል በአንዳንድ የከተማ ቤቶች ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ይታሰብ ይሆናል። ፒያኖ 88 ቁልፎች ያሉት፣ ክብደቱም ለብዙ ሰው ሸክም የሚሆን፣ በየጊዜው ባለሙያ እየጠራ የሚቃኝ መሣሪያ ስለ ሆነ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ በሚገኘው በወግዲና በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ ሕፃናት በየቤታቸው የሚያገኙት አይደለም። በዚህ አገር ሕፃን እጅ የሚገባው ከሸምበቆ ተቆርጦ አብዛኛውን ጊዜ 4 ቀዳዳዎች የሚበጁለት ዋሽንት፣ 5 ወይም 6 ጅማት ያለው ክራር፣ አልፎ አልፎም ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ያለው መሰንቆ ነው። ይሁን እንጂ የጀማሪው ችግር በፒያኖም ሆነ በዋሽንት በመሠረቱ አንድ ነው። እንዲያውም የፒያኖን ቁልፍ የተጫነ ሕፃን ቢያንስ የጠራ ድምፅ ያገኛል። ዋሽንት የያዘው ግን ከንፈሩን በምን ያህል አጋድሞ፣ ትንፋሹንም በምን ያህል አቅጥኖ መንፋት እንዳለበት እስኪያውቅ ድረስ ብዙ ቀን ነፋስ ብቻ ሲያወጣ ይሰነብታል። መሰንቆ የሚለማመደውም ጣቱን የት ላይ እንደሚያሳርፍ የሚነግረው ምልክት ስለሌለ በጆሮው ብቻ እየዳሰሰ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የወሎ ልጅ መሣሪያ ከመያዙ በፊት ጆሮው ዜማ ጠግቧል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተብለው ከሚታወቁት አራት ቅኝቶች መካከል ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው። ልጁ በሠርግ ቤት ዘፈኑን፣ በእረኝነት ሜዳ እንጉርጉሮውን፣ በመንዙማ ጉባኤ ወይም በቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ዜማውን እየሰማ አድጓል። በመሆኑም ጆሮው ከእጁ ብዙ ቀድሞ ሄዷል። ዜማው እንዴት መሆን እንደሚገባው ያውቃል፤ ጣቱ ግን አይታዘዝለትም። ስሕተቱን በመጀመሪያ የሚሰማውም፣ በእርሱም የሚያፍረው ራሱ ልጁ ነው። እንግዲህ አጠገቡ ያለው ታላቁ «አበላሸኸው» ሲለው ያላወቀውን ነገር አይነግረውም፤ በገዛ ኀፍረቱ ላይ ሌላ ኀፍረት ይደርብበታል እንጂ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ በድዬበታለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ከመካነ ሰላም ለበዓል ዕረፍት ወደ ወግዲ ወደ ቤተ ሰቦቼ ሄጄ ነበር። ማታ በኩራዝ ብርሃን ለፈተና ሳጠና፣ በጎች ሲጠብቅ የዋለው ታናሽ ወንድሜ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ዋሽንቱን ይሞክራል። ዕድሜው ስምንት ዓመት ያህል ነበር። አንዲቱን ሐረግ ይጀምርና ከአንድ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቅበታል፤ ደግሞ ከመነሻው ይጀምራል። እንዲህ እያለ ብዙ ከቆየ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና «ይህ ዋሽንት ነው ወይስ የታነቀች ፍየል?» አልኩት። ቤተ ሰቡ ሁሉ ሣቀ። ወንድሜም አብሮ የሣቀ መሰለ። ቀስ ብሎ ተነሥቶ ግን ዋሽንቱን ከጣራው ሣር ውስጥ ሻጠው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ሲነፋ የሰማው የለም። እኔም ለፈተናዬ ጸጥታ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ማጥናቴን ቀጠልኩ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ የአባታችን ቤት ጣራ በቆርቆሮ ሲለወጥ ለእርዳታ ሄጄ ነበር። ሣሩ ሲወርድ ጥቀርሻ የለበሰ ዋሽንት ከመሬት ወደቀ። ወንድሜ አሁን የልጆች አባት ነው። ዋሽንቱን አንሥቶ በጋቢው ጫፍ ጠረገና «የታነቀችው ፍየል ይህችውና» አለኝ። ነገሩን በቅያሜ አልተናገረውም፤ እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። እኔ በማግሥቱ የረሳሁትን ቃል እርሱ አንዲት ፊደል ሳያጎድል ዕድሜ ልኩን ይዞት ኖሯል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ምሳሌ ትርጉሙ በእውነት የገባኝ ያን ዕለት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ያየሁት መምህር ሆኜ በመካነ ሰላም በኪራይ ቤት ስኖር ነው። በግቢው ውስጥ ከአያቷ ጋር የምትኖር አንዲት ልጅ ክራር ትለማመድ ነበር። አያቲቱ ክራር ደርድረው አያውቁም። ነገር ግን በየማታው ጥጥ እየፈተሉ ያደምጣሉ። «ጎበዝ» ሲሉ የሰማኋቸው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የሚሉት እንዲህ ነበር፤ «አበባዬ፣ እስኪ የትናንቷን ደግመሽ አሰሚኝ። እዚያች መታጠፊያዋ ላይ ስትደርሺ ትናንት ጎርበጥ አድርጋኝ ነበር፤ ዛሬስ?» ልጅቱም ያችን ቦታ እየደጋገመች ትደረድራለች። ማታ የሚጠብቃት ሰሚ እንዳለ ስለምታውቅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክራሩን ራሷ ታነሣለች እንጂ ማንም «ተለማመጂ» አይላትም ነበር። ከእነዚህ አሮጊት የተማርኩት፣ ማበረታታት ማለት ማሞገስ ብቻ አለመሆኑን ነው። እውነተኛው ማበረታቻ ትናንት የሰሙትን አስታውሶ ዛሬ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ማየት ነው።

ታዋቂ የሆኑ ሙዚቀኞቻችንም ቢሆኑ ከትንሽ ነገር የተነሡ ናቸው። በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለደው የፒያኖ ባለሙያ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ መጀመሪያ የተለማመደው ክራር ነው። ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ሲሆን ከዚያም በቡልጋሪያ በሶፊያ ከተማ ትምህርቱን ቀጥሏል። በበገና ደርዳሪነቱ በዓለም የታወቀው ዓለሙ አጋም 12 ዓመት ሲሆነው 10 አውታር ያለውን በገና የተማረው ጎረቤቱ ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው በዚያ ቫዮሊን ተምረዋል፤ በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ስማቸው በፒያኖ ድርሰታቸው ሲጠራ ኖሯል። ካይሮ በሚማሩበት ጊዜ በቀን 9 ሰዓት ያህል ይለማመዱ እንደ ነበር ይነገራል። ይህ ግን ልቡን ለሙያው የሰጠ ወጣት የሚሸከመው ልፋት እንጂ ለሕፃን የሚሰጥ መለኪያ አይደለም። ሁሉም ከክራር ወይም ከጎረቤት በገና ተነሥቶ ዝነኛ ይሆናል ማለቴም አይደለም። አንድ ልጅ ወዴት እንደሚደርስ በጅምሩ ላይ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ግን እነዚህ ሕይወቶች ያስረዱናል።

ታላቅ ታናሹን ማስጠናት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ቀደም ብለው የገቡት ደቀ መዛሙርት አዲስ ለገቡት ያስቀጽላሉ። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረው ትውፊትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ተግሣጹም በዝቶበት ከሸሸ በኋላ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ዛፉ ላይ ስትወጣ አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ ይባላል። ያሬድ ከትሏ ያገኘው ነገር ጽናት ነው። እንግዲህ ለታናሾቻችን ጽናትን ለማስተማር ከአንዲት ትል ማነስ አይገባንም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች መኖራቸውን አልክድም። አንዳንዶች «ልጁ ትምህርቱን ይተዋል» ይላሉ። ይህ ሥጋት ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ለልምምዱ ጊዜ መወሰን እንጂ መሣሪያውን መንጠቅ አይደለም። ሙዚቃ መለማመድ ልጁን በሒሳብ አንደኛ ያደርገዋል ብዬ አላጋንንም። የገዛ ስሕተቱን አግኝቶ በትዕግሥት ማረምን ግን ያስለምደዋል፤ ይህም ለማናቸውም ትምህርት ይበጃል። ሌሎች ደግሞ «ልጃችን አዝማሪ ይሁን ወይ?» ብለው ይቈጣሉ። ያለ ዘፈን ሠርግ የማይደግስ ሕዝብ ዘፈኑን የሚያበጀውን ሰው መናቁ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል በሆነው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንት እንደ ፒያኖ ሁሉ የሙያ ትምህርት ሆነው ይሰጣሉ። በመጨረሻም የእናንተ የራሳችሁ ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም «ጩኸቱ አላስጠናን አለ» የሚለው ነው። የዚህን እውነትነት እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ «እኔ እስከዚህ ሰዓት ላጥና፤ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ» በሉት። ጸጥታውንም ታገኛላችሁ፤ ልጁም ተስፋ ያገኛል።

ታዲያ ታላቅ የሆነ ሰው በተግባር ምን ያድርግ? በመጀመሪያ፣ ልምምዱ አጭርና የዘወትር እንዲሆን ይርዳው። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመታገል ይልቅ በየቀኑ ሩብ ሰዓት መለማመድ ለሕፃን ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ ልጁ ከመነሻው እስከ መድረሻው እየሮጠ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ እንዳይሳሳት፣ የሚሰናከልባትን አንዲት ሐረግ ለይቶ በዝግታ እንዲሠራት ያድርግ። ሦስተኛ፣ ሐሰተኛ ሙገሳን ይተው። ከላይ እንደ ተባለው የልጁ ጆሮ ስሕተቱን ስለሚያውቅ «እንከን የለህም» የሚለውን ሰው ማመን ይተዋል። አራተኛ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር አያወዳድረው፤ የሚወዳደረው ከትናንቱ ከራሱ ጋር ነው። የእጅ ስልክ ያለው ሰው የዛሬውን ድምፅ ቀድቶ ከሦስት ወር በኋላ ቢያሰማው ልጁ እድገቱን በራሱ ጆሮ ይመሰክራል። አምስተኛ፣ እንግዳ በመጣ ቍጥር «እስኪ ተጫወት» እያለ ሳይፈልግ አያስገድደው። ልጁ ልምምዱን ሊወደው የሚችለው የራሱ ነገር አድርጎ ሲያየው ነውና።

ነገሩን ወደ ራሳችሁ መልሳችሁም ተመልከቱት። በዚህ ክፍል ድርሰት ትጽፋላችሁ። የመጀመሪያው ረቂቃችሁ ዐረፍተ ነገሩ የተዘበራረቀ፣ አሳቡም የተቆራረጠ ሊሆን ይችላል። መምህራችሁ ረቂቁን በክፍል ፊት አንብቦ ቢያስቅባችሁ ሁለተኛ ብዕር ታነሣላችሁን? «ይህቺ አንቀጽ ካለፈው ጊዜ ተሻሽላለች፤ ይህችኛዋን ግን ደግማችሁ ጻፏት» ቢላችሁስ? ለራሳችሁ የምትመኙትን ይህን አንባቢ ለታናሾቻችሁ አድማጭ ሆናችሁ ስጧቸው።

ያ ጥቀርሻ የለበሰ ዋሽንት ዛሬ በወንድሜ ልጅ እጅ ነው። ወደ ወግዲ በሄድኩ ቍጥር ያሰማኛል። ድምፁ አባቱ ይሰነጠቅበት በነበረው ቦታ አካባቢ እርሱንም ይሰነጠቅበታል። እኔም አጠገቡ ቁጭ እልና «ያችን ደግመህ አሰማኝ» እለዋለሁ። ይህ ለወንድሜ የነፈግሁትን አይመልስለትም። እናንተ ግን ገና በጊዜው ላይ ናችሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ዛሬ ማታ ከቤታችሁ አንዱ ጥግ የተሰነጠቀ ድምፅ የሰማችሁ እንደ ሆነ ከመናገራችሁ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ድረስ አድምጡት።