ወፎችን በእጅና በዓይን መማር

ሕፃን ዓለምን የሚያውቃት በመጀመሪያ በዓይኑ፣ በጆሮውና በእጁ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ስለ ወፎች የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ ከጥቁር ሰሌዳ አያልፍም። «ወፍ ላባ፣ ምንቃርና ሁለት ክንፍ አላት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሕፃኑ በቃሉ ይወጣዋል፤ ከትምህርት ቤቱ ደጅ በዛፍ ላይ ያረፈችውን ወፍ ግን በወንጭፍ ያነጣጥርባታል። ቃሉን ያዘ እንጂ ወፏን አላወቃትም።

በናይሮቢ ከተማ በስተምዕራብ የሚገኘው የላቪንግተን ሰፈር በዛፎቹና በአትክልቱ የታወቀ ስለሆነ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ማለዳ ሀዳዳ የተባለው የጋጋኖ ዘመድ በከፍተኛ ድምፅ እየጮኸ ያልፋል፤ በሣር ላይ ሲያርፍም ረጅም ቆልማማ ምንቃሩን ወደ አፈር እየሰደደ ትል ይለቅማል። ትናንሽ ወፎች በቀጭን ምንቃራቸው የአበባ ወለላ ይቀስማሉ። ሸማኔ ወፍም ሣር እየሰነጠቀ ጎጆውን ከቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ይሠራል።

መምህሩ ይህን ሁሉ ወደ ክፍል ሊያመጣው ይችላል። ለሕፃናቱ ወረንጦ፣ ማንኪያና ቀጭን ቱቦ ያድላል። በአፈር ውስጥ ክር ይቀብራል፤ በሳህን ውሃ ላይ ቅጠል ያንሳፍፋል፤ በጠባብ ጠርሙስም ውሃ ያስቀምጣል። ሕፃናቱ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው እንደሚስማማ ሲሞክሩ፣ የምንቃር ቅርጽ ከምግብ ጋር የተዛመደ መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ይደርሱበታል። ከዚያም በሁለት ጣቶቻቸው ብቻ ሣር ጎንጉነው ጎጆ ለመሥራት ይታገላሉ። ሸማኔ ወፍ በምንቃሩና በእግሩ የሚፈጽመውን ሥራ መጨረስ ያቃተው ሕፃን፣ ያንን ጎጆ ለማፍረስ እጁ አይደፍርም።

«እንዲህ ያለው ትምህርት ጊዜ ይፈጃል፤ ተማሪ ለበዛበት ክፍልም አይመችም» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሣርና ማንኪያ ውድ አይደሉም፤ ሕፃናቱም በቡድን ሊከፈሉ ይችላሉ። ይልቁንም ጊዜን በከንቱ የሚፈጀው በቃል ተይዞ ከፈተና በኋላ የሚረሳው ትምህርት ነው። በእርግጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሕያው ወፍ መያዝም ሆነ የሞተች ወፍ መንካት አይገባም።

በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረቱት የተማሪዎች የዱር እንስሳት ክበቦች ይህን መንገድ ቀደም ብለው ጀምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርትም ለታችኞቹ ክፍሎች ስለ አካባቢ በተግባር የሚሰጥ ትምህርት አካቷል። ይሁን እንጂ በላቪንግተን ባለ አትክልት ቤቶች እየፈረሱ ፎቆች በመሠራት ላይ ናቸው። ዛፉ ሲቆረጥ ወፏ ብቻ ሳትሆን የሕፃኑም መማሪያ አብሮ ይጠፋል።

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» እንደሚባለው፣ ትምህርቱም እንደየአገሩ ወፎች ሊሆን ይገባል። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይገኛሉ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ጋጋኖ በአዲስ አበባ ሜዳዎች ላይ ሲለቅም ይታያል። እንግዲህ የጎደለው ወፍ ሳይሆን፣ ሕፃናቱን ወደ መስኮቱ የሚጠራ መምህር ነው።